ደንቆሮው ጎን

እህቴ ሜራን ባሏን የቀበረች ዕለት አላለቀሰችም። ከመቃብሩ ስንመለስ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመችና፣ «ቶራ፣ ሃልክሮ ያለውን ሰምተሻል?» አለችኝ።

ሰምቻለሁ። ሁሉም ሰምቷል። ሬሳ ሣጥኑ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ዊልፍሬድ ሃልክሮ አጠገቡ ወደቆመው ሰው ጠጋ ብሎ፣ «ሰዓቱ ቆመ ማለት ነው» ብሎ ነበር። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን የእኛ የኦርክኒ ደሴቶች ነፋስ የሰውን ቃል የትም አያስቀርም።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

«የእጁን ካላገኘ እኔ ሴት አይደለሁም» አለችና ድንች ልትልጥ ተቀመጠች።

ማንሲ ድሬቨር፣ የእህቴ ባል፣ ዕድሜውን ሙሉ በደሴቶቹ መሃል በምትመላለሰው መርከብ ላይ ሞተረኛ የነበረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው ሬዲዮ መስማት ሆነ። ዘፈንና ዜና እንዳይመስላችሁ። እሱ የሚፈልገው በረጅም ሞገድ ላይ ያሉትን የአየር ማረፊያ ጣቢያዎች ነበር። እነዚህ ጣቢያዎች አብራሪ መንገድ እንዳይስት የስማቸውን ሁለት ሦስት ፊደል በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም ፉጨት፣ ይደጋግማሉ፤ ሌላ አንድም ነገር አይናገሩም። ጉልበታቸው ለአካባቢያቸው ሰማይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሩቅ አንዱን መያዝ ለሚወዱት ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። በእኛ ደሴት ደግሞ ክረምት ሲገባ ፀሐይ ብቅ ብላ ወዲያው ትጠልቃለች፤ ግማሹ ወንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ነው የሚከርመው። ማኅበርም አላቸው። ሊቀ መንበሩ ሃልክሮ ነበር፤ ከእኛ ጋር በካብ የሚዋሰን፣ ከብቱ የበዛ፣ ሳቁ ሦስት ማሳ አቋርጦ የሚሰማ ሰው።

አንድ ክረምት ማንሲ ከግሪንላንድ ወዲያ ካለች የበረዶ ደሴት የሚመጣ ጣቢያ ሰማሁ አለ። ሃልክሮ ዓመታት ሙሉ ሲያሳድዳት የኖረ ጣቢያ ነች፤ ከማኅበሩ አንድም ሰው ሰምቷት አያውቅም። ደንቡ ሌላ አባል አብሮ ካልሰማ አይመዘገብም ስለሚል፣ ሃልክሮ «እንመጣለና! ጆሮ አለን» አለ።

በሳምንቱ ኢንክስተር የሚባሉትን ሽማግሌና ሌላ አንድ ሰው አስከትሎ መጣ። የእህቴን የገብስ ቂጣ በአይብ እየበሉ ተቀመጡ። ማንሲ ሬዲዮውን ሲከፍተው ጣቢያዋ የለችም። በቦታዋ ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ የሚል፣ ሁሉን የሚደፍን ድምፅ አለ። ቁልፉን ቢያዞር ያው ነው። ሽቦውን ነቅሎ ቢሰካም ያው ነው። ላብ ግንባሩ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ።

ሃልክሮ ፍርፋሪውን ከጢሙ ላይ አራገፈ። «ማንሲ፣ ወንድሜ፣ አንተ የሰማኸው እኮ የግድግዳ ሰዓትህን ነው!»

ሁለቱ እንግዶች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንሲ ስሙ «ሰዓቱ» ሆነ። ሱቅ ሲገባ፣ «ሰዓቱ መጣ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይሉታል። ማኅበሩ ውሸታም ብሎ ከአባልነት ሰረዘው።

እሱ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ይፈልግ ጀመር። ሃልክሮን ሲጠይቀው፣ «የቤትህ ሽቦ አርጅቶ ነው፣ ቀይረው» አለው። የቤቱን ሽቦ በሙሉ ቀየረ። አልጠፋም። ከዚያ አንቴናውን፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋውን ረጅም ሽቦ፣ ያወርደዋል፣ ያስረዝመዋል፣ ከፍ ያደርገዋል፤ ባስረዘመው መጠን ጥቅታው ይብስበታል። በመጋቢት ዐውሎ ነፋስ መሃል አንዱ ምሰሶ ሥር ወድቆ አገኘነው። ሽቦው በእጁ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሃልክሮ ቤታችን መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ የሐዘን ፊት ለብሶ።

«ሜራን፣ የማንሲን ሬዲዮ ለማኅበሩ ብትሰጪን ምን ይመስልሻል? አንቺ ምን ትሠሪበታለሽ?»

«እሰማበታለሁ።»

«አንቺ?» ሳቁ አመለጠው። «እሺ ይሁን፣ በየትኛው አንቴና?»

«አንተ የትኛውን ትመክረኛለህ?»

መምከር ሲወድ! ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ረጅም ሽቦ ነዋ! እንደ እኔ ካቡን ተከትለሽ ዝም ብለሽ መዘርጋት ነው። በረጅም ሞገድ ሽቦሽ በረዘመ ቁጥር ጆሮሽ ይረዝማል። ሌላው ሁሉ የልጅ መጫወቻ ነው፣ አትድከሚ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። በሩን ከኋላው ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «እሱ ረጅም ሽቦ ካለ፣ ከረጅም ሽቦ በስተቀር ሌላ ማንኛውም ነገር ይሁን።»

በሳምንቱ በመርከብ ወደ ሌላኛው ደሴት ተሻግረን ቶርፊን ሊስክ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ቶርፊን በወጣትነታቸው የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ የነበሩ፣ እኛ ስናውቃቸው ግን ከወንበራቸው የማይነሡ፣ አፋቸው ያልተገራ ሽማግሌ ናቸው።

«ምን ልትሰሚ ነው የፈለግሽው?» አሏት።

«አንድ ሰውዬ አፉ ሲዘጋ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «እሱን አንቴና አይሰጥሽም፣ ልጄ። ግን ቁጭ በይ።»

ስለ ጥቅታው፣ ስለ ሃልክሮ ምክር፣ ስለ ማንሲ አሟሟት ነገረቻቸው። ሳያቋርጧት ሰሙ።

«ረጅም ሽቦ ስግብግብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሩቁን ያመጣል፤ የሰፈሩንም ቆሻሻ አብሮ ያግበሰብሳል። ባልሽ ባስረዘመው ቁጥር ጥቅታው የባሰበት ለዚያ ነው። አጭር በትር ከማጉያ ጋር የሚሸጥ አለ፤ ከቤት ርቆ ንጹሕ ሜዳ ላይ ቢቆም ጎበዝ ነው። ግን እሱም ከሁሉም ጎን እኩል ነው የሚሰማው። ጎረቤት ካንኳኳ ማንኳኳቱን አጉልቶ ያቀርብልሻል።»

«ሦስተኛ የለም?»

«አለ። ጥምጥሙ።» በጣታቸው በአየር ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ። «የመስኮት ክፈፍ የሚመስል እንጨት ላይ ሽቦ ትጠመጥሚያለሽ። የሚሰማው ትንሽ ነው፤ ግን ደንቆሮ ጎን አለው። በክፈፉ ውስጥ አሻግረሽ የምታይው ነገር አይሰማም። በጠርዙ አቅጣጫ ያለው ግን ይሰማል። ስለዚህ ክፈፉን እያዞርሽ ደንቆሮውን ጎን ጥቅታው ላይ ታደርጊያለሽ።»

ሜራን ሻይዋን አስቀመጠች። «ጥቅታው ዝም ሲል እንግዲህ፣ በክፈፉ ውስጥ የሚታየው ነው ጠላቴ ማለት ነው?»

ጋሽ ቶርፊን ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። «ወይ እሱ፣ ወይ ከጀርባሽ ያለው። በሁለቱም ወገን ደንቆሮ ነው። ከሁለት ቦታ ሆነሽ እዪው፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ እውነቱን ይነግርሻል።»

«ጥምጥሙን ነው የምፈልገው» አለች።

ደሴታችን ዛፍ የላትም። ክፈፉን የሠራነው ባሕር ገፍቶ ካመጣው ሣንቃ ነው። ለሽቦው ሜራን መሰላል ይዛ ወጣች፤ ማንሲ ሲያወርደውና ሲሰቅለው የሞተበትን ያንኑ ሽቦ ከየምሰሶው ላይ ቆርጣ አወረደችው። ስትጠመጥመው ጥርሷን ነክሳ ነበር። እኔ እንጨቱን ይዤ እሷ ስትዞር፣ በየዙሩ አንድ ነገር ለራሷ ታንሾካሽካለች። ጸሎት መስሎኝ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ የሃልክሮን ስም ነው የምትጠራው። ጥምጥሙን ከጣቢያው ጋር የምታስማማውን ማስተካከያ ጋሽ ቶርፊን ከአሮጌ ሬዲዮ ፈትተው ላኩልን። ነፋስ እንዳይወስደው ጥምጥሙን ከቤቱ ርቃ ባለችው ባዶ ጎተራ ውስጥ፣ እንደ ልብ በሚዞር ምሰሶ ላይ አቆምነው።

በመኸር መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮውን ከፈተችው። ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ። ክፈፉን በዝግታ አዞረች። ድምፁ ሳሳ፣ እንደገና ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። የጎተራው ሁለቱም በሮች ክፍት ነበሩ። በአንደኛው ወገን ቤተ ክርስቲያኑ ይታያል፤ በሌላው የሃልክሮ መሬት።

«አውቄዋለሁ!» አልኩ።

«አልታወቀም ገና» አለች። «ቄሱም ሊሆን ይችላል።» ስትቀልድ ግን ዓይኗ አልሳቀም።

በማግስቱ ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር በእጅ ጋሪ ጭነን፣ ጥምጥሙን ተሸክመን ወደ ወደቡ ወረድን። እዚያም ጥቅታው አለ፣ ጥቅታው የለም እያልን አዞርነው። ሁለቱን መስመሮች ካርታ ላይ በክር ስትዘረጋቸው የተገናኙት የሃልክሮ በረት ላይ አልነበረም። ድሮ ጎመን ይተከልባት በነበረች፣ በሃልክሮ መሬት ላይ ከእኛ ወሰን ጥግ ባለች ትንሽ ክብ የድንጋይ ካብ ላይ ነው።

ሄድን። በካቡ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ተሸፍና፣ ለከብት አጥር ሽቦ በየቅጽበቱ ኤሌክትሪክ የምትልክ ሣጥን ከነባትሪዋ ተቀምጣለች። በአካባቢው አጥር የለም። ከብትም የለም። ከሣጥኗ የወጣው ሽቦ የማንሲ አንቴና ያልፍበት በነበረው በኩል በካቡ አናት ላይ ተጋድሞ፣ ጫፉ እርጥብ ብረት እየነካ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል፤ ጥቅታው ያ ነበር።

ማንሲ ያን ቀን ላብ አጥምቆት እንደነበር ትዝ አለኝ። «እንንቀለው!» ብዬ እጄን ስሰድ ሜራን አንጓዬን ጨበጠችኝ። እስካሁን ያመኛል።

«እንዳትነኪው! ይምታ። ከእንግዲህ የሚመታው ለእኔ ነው።»

ለማንም አልተናገረችም። በየቀኑ ጎተራው ገብታ ደንቆሮውን ጎን ሣጥኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ሞርስ ከጋሽ ቶርፊን በስልክ ተማረች። በታኅሣሥ፣ ከእኛ ወዲያ ያለው የሩቅ ሰሜን ቀኑንም ጨለማ በሚሆንበትና ጨለማው ሞገዱን ከሩቅ በሚያመጣበት ወቅት፣ ምሳ ልጠራት ስገባ ማዳመጫዋን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ነጭ ሆኗል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ከነፋስ ሹክሹክታ ሥር አንዲት ቀጭን ፉጨት ሦስት ፊደል ትጽፋለች፤ ዝም ትላለች፤ እንደገና ትጽፋለች።

«ሰምቷት ነበር» አለች። «ሰምቷት ነበር እኮ፣ ቶራ!» ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እንባዋ ግን የሐዘን አልነበረም፣ የንዴት ነበር።

የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ከገና በፊት በደሴቷ አዳራሽ፣ በምሳ የበግ ሾርባ ነው የሚከፈተው። ሾርባው ሳያልቅ ሜራን ገብታ መሃል ላይ ቆመች።

«ማኅበሩ አንድ ጊዜ ቤቴ መጥቶ ሰምቷል» አለች። «አሁንም መጥቶ ይስማ።»

ሃልክሮ ማንኪያውን ከፍ አደረገ። «ምነው፣ ሰዓቱን ሞልተሽው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። «አዎ፣ ሞልቼዋለሁ። ካልፈራችሁ ኑ።»

ካልፈራችሁ ሲባል ማን ይቀራል? ሾርባውን ጥለው፣ እየተሳሳቁ፣ ጭቃውን እየረገጡ መጡ። ጎተራው ሞላ። ሜራን መጀመሪያ ሬዲዮውን ከተራ ሽቦ ጋር አገናኘችው። ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ።

«ይኸው፣ ማንሲ ተነሣ!» አለ ሃልክሮ።

ቀጥሎ ጥምጥሙን ሰካችው። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ ወንፊት?» አለ፤ ግን ድምፁ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ክፈፉን ማዞር ጀመረች። ጥቅታው ሳሳ። ሳቁም አብሮት ሳሳ። ጥቅታው ጠፋ። ከዚያ ፉጨቷ መጣች። ሽማግሌው ኢንክስተር ባሕረኛ ነበሩ፤ ሞርሱን በከንፈራቸው ተከትለው ሦስቱን ፊደላት አንድ በአንድ ጮክ ብለው ተናገሩ። ቆባቸውን አወለቁ።

«አምላኬ» አሉ። «እውነቱን ነበር።»

«እሱን አሁን ሰማችሁ» አለች ሜራን። «አሁን ደግሞ በክፈፉ ውስጥ አሻግራችሁ እዩ። ጥቅታው ያለው እዚያ ነው።»

ኢንክስተር ጎንበስ ብለው አዩ። ወደ ክቡ ካብ መራመድ ሲጀምሩ ሃልክሮ በሩ ላይ ተደነቀረ።

«ወዴት ነው? የሰው መሬት ነው እኮ!»

«የት እንደምሄድ ነገርኩህ እንዴ?» አሉት ሽማግሌው።

ገፍተውት አለፉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቆርቆሮውን ያነሡት እሳቸው ናቸው። ሣጥኗ ብልጭ አለች። ሁሉም ወደ ሃልክሮ ዞሩ።

«ለ... ለጥጃ ነው» አለ።

«የት አለ ጥጃው?» አለች ሜራን። «ጥራውና ይምጣ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ሃልክሮ ዙሪያውን አየ፤ ሲያስቅ ከኖራቸው ሰዎች አንድ የሚስቅ ፊት እንኳ አላገኘም። «ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልጋት» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ። «እሱ ደግሞ በአንድ ክረምት፣ በዚያች ቅራቅምቦ...» አልጨረሰውም።

እዚያው ጭቃው ላይ ከሊቀ መንበርነቱ አወረዱት። የማንሲ ስምና ጣቢያዋ በማኅበሩ መዝገብ ገቡ። ኢንክስተር ሣጥኗን ከነባትሪዋ ለእህቴ አሳቀፏትና፣ «እኔም ስቄበታለሁ፣ ሜራን። ያንቺ ነች፣ እንደፈለግሽ ሰባብሪያት» አሏት።

አልሰበረቻትም። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር፤ እህቴ ገና መጀመሯ ነው።

በጸደይ አንዲት ጥጃ ገዛች። በሕይወቷ ከብት ነክታ የማታውቅ ሴት! ካርታዋንና ክሯን አውጥታ፣ ከላይኛው ማሳችን የቱ ጥግ በሃልክሮ ቤትና በዚያች የበረዶ ደሴት መሃል ቀጥታ እንደሚወድቅ ፈለገች። ጥጃዋን እዚያ አጠረቻት፤ በገዛ ሣጥኑ። አንደኛው የአጥር ሽቦ እርጥብ ብረት እንዲነካ አድርጋ ተወችው።

በሚቀጥለው ክረምት ሃልክሮ በራችን ላይ ቆመ። ከሥቶ ነበር።

«ሜራን፣ የጥጃሽ አጥር ሬዲዮዬን ገደለው።»

«የቤትህ ሽቦ አርጅቶ ይሆናል» አለችው። «ቀይረው።»

ረጅም ሽቦው ምንም አላዳነውም። በኋላ እሱም ሰው እንዳያየው ተደብቆ ጥምጥም ሠራ። ግን ጥቅታውና ጣቢያዋ በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ደንቆሮውን ጎን ጥቅታው ላይ ሲያደርግ ጣቢያዋም አብራ ትደነቁራለች። ይህን የነገሩን ሚስቱ ናቸው። ቀንም ሲመሽም ክፈፉን ሲያዞር ይውላል አሉን፣ እያለቀሱ። ሜራን ሻይ ቀዳችላቸው፤ ስኳሩን አቀረበችላቸው፤ አጥሩን ግን አልነካችም። ቄሱ መጥተው ስለ ይቅርታ ረጅም ነገር ሲናገሩ፣ «ጥጃዋ ካመለጠች መንገድ ላይ መኪና ይገጫታል፣ አባ» ብላ ሸኘቻቸው።

«እቴ፣ አይበቃውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ማንሲ ሲወድቅ አጠገቡ የነበረ ሰው አለ?» አለች።

ከሁለት ክረምት በኋላ ሃልክሮ ሽቦውን ከካቡ ላይ አወረደ። ከብቱን ሸጠ። አበርዲን ከተማ ያለችው ልጁ ዘንድ ሊኖር ነው ተባለ። የሄደ ዕለት እኛም ለጥርሴ ሕክምና ያችው መርከብ ላይ ነበርን። ባሕሩ ተነሥቷል። ሚስቱን ከታች አስቀምጦ፣ የመርከቧን የእጅ መደገፊያ እየያዘ ወደ ተቀመጥንበት አግዳሚ መጣ።

«እየሄድኩ ነው፣ ሜራን።»

«ሰምቻለሁ።»

«በድዬሻለሁ። እሱንም በድያለሁ። ይቅር በይኝ።»

እህቴ ቀና ብላ አየችው። እውነት ለመናገር፣ እሺ የምትል መስሎኝ ነበር፤ እኔ ብሆን እል ነበር። ሰውየው አርጅቷል፤ የካፖርቱ ቁልፍ እንኳ ተዛንፎ ነው የተቆለፈው።

«አልልህም፣ ዊልፍሬድ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «መልካም ጉዞ።»

ራሱን ነቀነቀ። መርከቧ ስትዘነብል መደገፊያውን ሳተና ሊወድቅ ሲል እኔ ክንዱን ያዝኩት። ከዚያ ወደ ታች ወረደ።

«አሁንስ ምን ተሰማሽ?» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል» አለች።

ፊቷን አጠናሁት፤ አልዋሸችም። ካፖርቷን እስከ አገጯ ድረስ ስባ ትከሻዬ ላይ ተደገፈችና፣ ማዕበሉ ያን ሁሉ ሰው ሲያስመልስ፣ ወደቡ እስክንደርስ እንደ ሕፃን እንቅልፍ ወሰዳት።